አሥራ ሁለቱ አረንጓዴ ቁራጮች

የካቲት 3፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡30

አሥራ ስምንት ቁራጭ ቆረጥሁ። እያንዳንዱ 20 ሳ.ሜ. በ20 ሳ.ሜ.። በማስመሪያ ተለክቶ፣ በጠመኔ ተሠምሮ። አንዱ ጥቂት ጠመመ፤ ጣልሁት። ደብተሬ ሆይ፣ ሠላሳ አራት ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ መሥመር ያሠመረ እጅ በጨርቅ ላይ ሊወላገድ አይገባውም።

ጨርቆቹ የባለቤቴ የወ/ሮ ጽጌ ልብሶች ናቸው። ካረፈች አራት ወር ሆነ። በልማዱ መሠረት ልብሷ ለዘመድና ለችግረኛ መታደል ነበረበት። የቤ/ክ እኅቶች ሁለት ጊዜ መጥተው ጠየቁኝ። አልሰጠሁም። ሌላ ሴት ቀሚሷን ለብሳ በቀራንዮ መንገድ ስታልፍ ከኋላ አይቼ እንድጠራት አልፈልግም።

ስለዚህ ብርድ ልብስ አደርገዋለሁ። ላዩ የተገጣጠመ ቁራጭ፣ መሐሉ አሮጌ ብርድ ልብስ፣ ሥሩ አቡጀዲ። የስፌት መኪናዋ በመስኮቱ ሥር አለች። ተራ መኪና፤ በእግር የምትረገጥ። በአርባ አንድ ዓመት ትዳር አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጥሁባትም። ወንበሩ ያጥረኛል። ጉልበቴ ከጠረጴዛው ጋር ይጋጫል።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ክሩ ከሥር ተተበተበ። ፈታሁት። ደግሞ ተተበተበ። ተማሪ ቢሆን ኖሮ ከክፍል አስወጣው ነበር።

ጎረቤታችን ወ/ሮ ዘይነባ የመኪናውን መንኳኳት ሰምታ መጣች። አየር ጤና ጨርቅ ትነግዳለች። ከጽጌ ጋር ሃያ ዓመት በአንድ አጥር ኖረዋል። ስፌት ሲጀመር የላዩንና የሥሩን ክር ጫፍ ወደ ኋላ በጣት መያዝ ያስፈልጋል አለችኝ። ያ ብቻ ነበር። ግማሽ ቀን ያቃጠልሁት በዚህች ምክንያት ነው።

ቁራጮቹን አገላብጣ አየች። «ጋሼ፣ ምን ድሪቶ ነው የሚደርቱት?» አለችኝ። ድሪቶ የተቀደደ ልብስ ተጣጥፎ የሚሠራ መሆኑን፣ ይህ ግን ታስቦበትና ተለክቶ የሚገጣጠም መሆኑን አስረዳኋት።

«ጨርቁንም ያርሙታል እንዴ! በቃ፣ የተማረ ድሪቶ ነው እንበል።»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ነገር ግን ከወጣች በኋላ ቤቱ እንደገና ዝም ሲል ታወቀኝ።

የካቲት 6፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ

ዘይነባ በወሬ መሐል የአንድ ሰው ስም ጠራች። እንዳትጠራብኝ አስጠነቀቅኋት። ለአንተ ግን፣ ደብተሬ፣ ልንገርህ፤ አንተ ለማንም አታወራም።

ማርታ ትባላለች። አንዲት ልጃችን። ዘነበወርቅ ነው የምትኖረው፤ በታክሲ ሩቅ አይደለም። ከሰባት ዓመት በፊት አንድ የታክሲ ሹፌር ሊያገባት ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላከ። ሦስት ጊዜ መለስሁ። በሦስተኛው ሽማግሌዎቹን ከደጅ አላሳለፍኋቸውም። ያለ እኔ ፈቃድ ተጋቡ። ከዚያ ወዲህ እግሯ ይህን ቤት አልረገጠም፤ የእኔም እግር የእርሷን።

ተገቢ እርምጃ ነበር። እንዲህ ብዬ ብዙ ጊዜ ጽፌልሃለሁ። ዛሬ ስጽፈው ብዕሩ ከበደኝ።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ፣ ረፋድ

አምስት ረድፍ ተገጣጠመ። ስፌቱን በካውያ ወደ አንድ ወገን ማስተኛትን ለመድሁ። መገናኛዎቹ በትክክል ይገጥማሉ።

አንድ ነገር ያስጨንቀኛል። ቡናማው ቀሚስ የት የት እንደተለበሰ ማስታወስ አልቻልሁም። ባለመሥመሩ ሸሚዝም እንዲሁ። ፊቷን አያለሁ፤ ከአንገቷ በታች የለበሰችው አይታየኝም። አርባ አንድ ዓመት ምን ሳይ ኖርሁ?

ከሳጥኑ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ አረንጓዴ ባለአበባ ቀሚስ አገኘሁ። አዲስ ነው ማለት ይቻላል። ጨርቁ ከሁሉም ያምራል። በታችኛው ጠርዝ ዙሪያ ስፒሎች ተሰክተዋል። ነቀልኋቸው፤ ስፒል አጥቼ ነበርና ጠቀሙኝ። ከቀሚሱ አሥራ ሁለት ቁራጭ ወጣ። ለመሐሉ ይሆናሉ። ትርፍራፊውን ለቆሻሻ አንሺዎቹ በማዳበሪያ ከተትሁ።

የካቲት 10፣ ሰኞ፣ 10 ሰዓት

አረንጓዴዎቹ ተሰፉ። አራት በሦስት። መሐሉ እንደ መስክ ሆነ። የቆሻሻ አንሺዎቹ መጥተው ማዳበሪያውን ወሰዱ።

ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራዬ ረካሁ። ጽጌ ብታየው «አንተ ሰውዬ፣ ለካ እጅ አለህ!» ትል ነበር። ልጠራት አፌን ከፈትሁ። በእውነት ከፈትሁ። ከዚያ መኪናው ላይ ተደፍቼ ቆየሁ።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

በቅደም ተከተል ልጽፍ እሞክራለሁ።

ዘይነባ ጠዋት መጣች። መልእክት አለኝ፣ ቢቆጡም እናገራለሁ አለች። ከመናገሯ በፊት ዓይኗ የተዘረጋው ብርድ ልብስ ላይ ዐረፈ። ቁጭ አለች። አረንጓዴውን በጣቷ ነካችው።

«ጋሼ፣ ይቺን ከየት አመጧት?»

ከሳጥኑ አልሁ።

«የጽጌ አይደለችም እኮ። የማርታ ናት።»

ጽጌ ነበረች የምትሰፋላት። በዘይነባ ሳሎን ይገናኙ ነበር፤ ከዚህ አጥር ማዶ፣ እኔ ራዲዮ እያዳመጥሁ ሳለ። ማርታ ቀሚሱን ለብሳ ትቆማለች፤ እናትየው ተንበርክካ፣ ስፒል በከንፈሯ ይዛ፣ ቁመቱን ትለካለች። የቀረው ጠርዙን መክፈፍ ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ውሰጂው ብላት ነበር። ያ ሳምንት ሳይደርስ ዐረፈች።

መልእክቱም ይኸው ነው። ማርታ ከእናቷ ዕቃ ሌላ ምንም አትፈልግም። ያንን ቀሚስ ብቻ። የእናቷ እጅ ያለበትን።

ዘይነባ ላይ ጮኽሁ። ለምን አልነገርሽኝም አልኋት። ቀስ ብላ ተነሣች። «ስሟን እንዳትጠሪብኝ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?» አለችኝ።

ቀሚሱ ጠባብ ነበር፤ ረጅምም ነበር። ጽጌ አጭርና ደልደል ያለች ሴት ነበረች። ጨርቁን እስከ ሚሊ ሜትር ለካሁ፤ ሚስቴ ልትለብሰው እንደማትችል ግን አላየሁም።

የካቲት 14፣ ዓርብ

ከጠዋት ጀምሮ በምላጭ ስፌት ስተረትር ዋልሁ። አሥራ ሁለቱንም አወጣኋቸው። መልሼ ቀሚስ ላደርጋቸው በአልጋው ላይ ደረደርኋቸው። አይሆንም። የብብቱ ቅርጽ የለም። የአንገቱ ክብ የለም። እነዚያ በማዳበሪያው ሄደዋል። ጽጌ በእጇ ያኖረቻት ስፌት ያለችው እዚያ ላይ ነበር። እኔ ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ ጨርቅ ብቻ መርጬ አስቀርቻለሁ።

ደብተሬ ሆይ፣ እስከ ዛሬ ያልጻፍሁልህን እጽፋለሁ። ጽጌ ያረፈች ዕለት የእድሩ ሽማግሌዎች ጠየቁኝ፤ ጎሕ ሲቀድ ለልጂቱ መርዶ የሚነግር ማን ይሂድ አሉኝ። በብዙ ሰው ፊት «ልጅ የለኝም» ብዬ መለስሁ። ቃሌን አከበሩ። ማንም አልሄደም። ዘይነባም ማርታ መርዶ ሰምታ እኔን ፈርታ የቀረች መስሏት ነበር። ማርታ የእናቷን ሞት ከቀብር ማግስት ፌርማታ ላይ ሰማች፤ አንድ የባሏ ባልደረባ የምታውቅ መስሎት እግዚአብሔር ያጽናሽ አላት። ስትደርስ ድንኳኑ እየተነቀለ ነበር። ከበሩ ቆማ ጮኸች። እኔ ከውስጥ ተቀምጬ ነበር። አልወጣሁም። ዘይነባ ናት ያቀፈቻት።

የካቲት 16፣ እሑድ

ቤ/ክ ሄድሁ። ሲዘመር አፌ አልከፈት አለ። አንዱ ወንድም ደኅና ነዎት አለኝ፤ ደኅና ነኝ አልሁ። ውሸት።

ዘይነባ ተቆጥታ ትቀራለች ብዬ ነበር፤ ሳህን በሻሽ ሸፍና መጣች። መፍትሔ አምጥታለች። «ብል በላው እንበላት። ማን ይመረምራል? ብርድ ልብሱን እኔ አደርስላታለሁ፤ ከእናትሽ ልብስ የተሠራ ነው እላታለሁ። እሷም ትጽናና፣ እርስዎም ይረፉ።»

የምትለው በደግነት ነው። ልቀበላት ቃጣኝ። እንዲያውም እሺ ብዬ ነበር።

የካቲት 17፣ ሰኞ

እሺታዬን አነሣሁ። ዘይነባን በአጥሩ በኩል ጠርቼ ነገርኋት። እንግዲህ ምን ሊሏት ነው ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኋት። «እርስዎ የማያውቁትም አለ?» አለች፤ ከዚያ በሻሽዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

የካቲት 19፣ ረቡዕ፣ 9 ሰዓት

ብርድ ልብሱ መሐሉ ባዶ ሆኖ መኪናው ላይ ተንጠልጥሏል። ልሞላው ሌላ ቁራጭ አነሣሁ፤ መልሼ አስቀመጥሁ። አልሰፋውም።

ሽማግሌ ልልክባት አሰብሁ። «ልጅ የለኝም» ያልኋቸው ሰዎች ፊት እንደምቀርብ አሰብሁና አፈርሁ። ደግሞም ሽማግሌ የሚናገረው ስለ ዕርቅ ነው። ከእኔ የሚፈለገው ዕዳ ከዚያ ይቀድማል። መርዶ አልተነገራትም። እናቷ መሞቷን በወጉ፣ በቤቷ፣ ከወገን አፍ የሰማችበት ቀን የለም። ሰው ይህን ሳይሰማ እንዴት አልቅሶ ይጨርሳል?

ወሰንሁ። ነገ ጎሕ ሲቀድ እኔው እሄዳለሁ። መርዶ ነጋሪው እኔ ነኝ።

የካቲት 20፣ ሐሙስ፣ ከንጋቱ 11፡40

ለብሻለሁ። ዘይነባ አብራኝ ትሄዳለች፤ መርዶ ለብቻ አይነገርም፣ የሚደግፋት ሴት ያስፈልጋል አለች። ከበሩ ቆማ ትጠብቀኛለች። አረንጓዴዎቹን ቁራጮች በአቡጀዲ ጠቅልዬ ይዣለሁ። ስለ ቀሚሱ እውነቱን እነግራታለሁ፤ ግን ከመርዶው በኋላ። ብትመታኝ ልክ ናት። በሩን ብትዘጋብኝ ልክ ናት፤ ከደጅ ሆኜ እነግራታለሁ።

የምለውን አስቀድሜ ላዘጋጅ ብዬ ተቀመጥሁ። አራት ጊዜ ጀመርሁ፣ አራት ጊዜ ሰረዝሁ። ዘይነባ «ጋሼ፣ ነጋ እኮ» እያለች ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ደግሜ ልሞክር፦

ማርታ፣ ልጄ፣ እናትሽ