ሁለተኛውን ሥራዬን እንዴት እንደተናገርኩ

ይድረስ ለእናት ምትኬ፣ ለእህቴ ለእታለም ዘነቡ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ለመሆኑ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽን ሻል አለሽ? ያ ባለፈው ያቃጥለኛል ያልሽኝ ጨጓራሽስ እንዴት ሆነ፣ ወይስ ዛሬም ሐኪም ቤት አልሄድም ብለሽ በዝምታ ይዘሽዋል? እማዬስ እንዴት ናት? ዓይኗ፣ ጉልበቷ፣ ያ እንቅልፍ የሚነሳት ሳል እንዴት ሆነላት? ጋሼ ኦብሳ፣ ኪዳናዊት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ናችሁ ወይ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ጤናዬ ደህና ነው። ደህና ያልሆነውን ከዚህ በታች እጽፍልሻለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ብለሽ እንደምትደነግጪ አውቃለሁ። ሰው አልሞተም፣ እኔም አልታሰርኩም። ባለፈው እሑድ ደውለሽ "ተማሪዎችህ እንዴት ናቸው?" ስትዪኝ ኔትዎርክ አስቸገረኝ ብዬ ዘጋሁብሽ። ኔትዎርኩ ምንም አልሆነም ነበር። የምመልስልሽ አጥቼ ነው። በስልክ ብጀምረው አንቺ መሐል ላይ ማልቀስ ትጀምሪያለሽ፣ እኔም የሚያሳፍረውን ትቼ የሚያኮራውን ብቻ ለመንገር ሰበብ አገኛለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፈው ወሰንኩ። ጓደኛዬ ረጋሳ፣ የበርበራን ዕቃ ጭኖ ጅግጅጋ የሚያደርሰው ሾፌር፣ ነገ ይነሳል። ከዚያ በፖስታ ያስገባልኛል።

እንደምታውቂው ዋናው ሥራዬ ዶክተር ሱዓድ ዘንድ ነው። መድኃኒት ከውጭ እያስመጣች ለከተማው ፋርማሲዎች ታከፋፍላለች፣ ከግቢው ፊት ለፊትም የራሷ ፋርማሲ አላት። የኔ ድርሻ የመድኃኒቱን ቀዝቃዛ ክፍል መጠበቅ ነው። ክፍሉ ከሁለት ዲግሪ በታች መውረድ፣ ከስምንት ዲግሪ በላይ መውጣት የለበትም። ካለፈ የስኳር ሕመምተኞች ኢንሱሊን ይበላሻል። ስቀጠር ውሉን ከፊቴ ዘርግታ ሁለት ቦታ በቀይ አስምራ አሳይታኛለች። አንደኛው ስልኬ መቼም እንዳይጠፋ ነው። ሁለተኛው እሷን ሳላስፈቅድ ሌላ ሥራ እንዳልይዝ ነው። ሁለቱም ሥር ፈርሜያለሁ። የመኖሪያ ፈቃዴ የወጣውም በእሷ ቀጣሪነት ስለሆነ፣ እሷ በቃኝ ካለች እዚህ አገር የሚያቆመኝ ወረቀት የለኝም።

ማስተማሩን የጀመርኩት በሚያዝያ ነው። እዚሁ ሀርጌሳ፣ 26 ጁን ሰፈር ያለ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ የፍሪጅና የኤሲ ጥገና የሚያስተምር ሰው አጥቶ፣ ኃላፊው አብሺር በሰው በሰው አፈላልጎ መጣብኝ። ከሥራ ስወጣ፣ ከአሥር ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ ሁለት፣ በሳምንት አራት ቀን። ለገንዘቡ ብዬ ነው ብልሽ ግማሽ ውሸት ይሆንብኛል። እታለም፣ ቀኑን ሙሉ ከሞተር ጋር ተዘግቶ የሚውል ሰው ድምፁን ይረሳዋል። እዚያ ግን ስገባ አሥራ ሰባት ሰው "ማዓሊን" ብሎ ይነሳልኛል፣ መምህር ማለታቸው ነው። በተሰባበረ ሶማሊኛዬ አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ አስረድቼ፣ በአራተኛው አንዲት ተማሪ ፊቷ ሲበራ ሳይ ቤቴ የምሄደው እየበረርኩ ነበር።

ለዶክተር ሱዓድ ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ሰባት ወር አለፈ። ክፍል ስገባ ስልኬን ድምፁን አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ እከተው ነበር። ምን ይመጣል ብዬ።

ሰኞ ጥቅምት 24 መጣ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከክፍል ወጥቼ ስልኬን ሳየው አምስት ጊዜ ተደውሎልኛል። አምስቱም ከአዴር መውሊድ ነው። አዴር ማለት በነሱ አጎት ማለት ነው፣ የግቢው ዘበኛ ነው፣ ወደ ስድሳ የሚጠጋ ሰው። በባጃጅ በርሬ ስደርስ የቀዝቃዛው ክፍል ሞተር ቆሟል፣ ቴርሞሜትሩ አሥራ ዘጠኝ ላይ ነው። አዴር መውሊድ በሩን እንዳይከፈት በጀርባው ተደግፎ፣ ከሥሩ ያለውን ክፍተት በራሱ ጋቢ ወትፎ አገኘሁት። ብልሽቱን ለመጠገን ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሃያ ደቂቃ፣ እታለም። መድኃኒቱ ግን አብቅቶለት ነበር።

ዶክተር ሱዓድ የዚያኑ ማታ ከበርበራ ወደብ ስትመለስ እኛው ጋ መጣች። ቴርሞሜትሩ የመዘገበውን አይታ ሁለት ሰዓት ያህል ቆሞ እንደነበር ገባት። ወደ እኔ ዞራ መውሊድ ደውሎልህ ነበር ወይ አለችኝ። እውነቱን ብናገር ቀጥላ የት ነበርክ ልትለኝ ነው። አንቺ ነሽ ያሳደግሽኝ፣ ስለዚህ የሠራሁትን ልክ እንደሠራሁት እነግርሻለሁ። "አልደወለልኝም" አልኩ። አዴር መውሊድ ቀና ብሎ አየኝ። ደውያለሁ አለ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። እኔ ደግሞ ሽንት ቤት ገብቼ የአምስቱን ጥሪ ምልክት ከስልኬ ላይ አጠፋሁ።

ዶክተር ሱዓድ ያመነችው እኔን ነው። ሰውየው በእርጅና ደንግጦ ዘንግቶት ይሆናል ብላ፣ እስከ ሐሙስ ሠርቶ ቁልፉን እንዲያስረክብ ነገረችው።

ማክሰኞን እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም። አዴር መውሊድ እንደ ወትሮው ሰላም አለኝ፣ ያ ነው የባሰው። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ረጋሳ ጋ ሄጄ ነገሩን ስነግረው፣ አርፈህ ተቀመጥ፣ እሱ አገሩ ነው፣ ሌላ በር አያጣም፣ አንተ ግን ብትባረር በማግስቱ ድንበር ላይ ነህ አለኝ። ለእኔ ብሎ ነው። እኔም ልቀበለው ፈልጌ ነበር፣ ግን አልዋጥልኝ አለ።

ረቡዕ ጠዋት ከዳሚ የመጣች አንዲት እናት ፋርማሲው በር ላይ ቆማለች። ዳሚ የድሆች ሰፈር ነው። በፔርሙዝ በረዶ ይዛ በእግሯ ነው የመጣችው፣ የልጇን ኢንሱሊን ልትወስድ። ሻጩ የለም ብሏት ግራ ገብቷት ቆማ ሳለ አዴር መውሊድ ወንበሩን አምጥቶ አስቀመጣትና፣ በእኛ ጥፋት ነው የተበላሸው፣ ይቅር በይን እያለ ሲለማመጣት ሰማሁ። በእኛ ጥፋት አለ እንጂ በእሱ ጥፋት አላለም። ከዚያ ራሱ ሌላ ፋርማሲ ደውሎ መኖሩን አረጋገጠና ባጃጅ ላይ አሳፈራት። እኔ መስኮቱ አጠገብ መፍቻ ይዤ ቆሜ ነበር።

ያን ዕለት ሁለት ጊዜ እስከ ዶክተር ሱዓድ ቢሮ በር ሄጄ ተመለስኩ። ሐሙስ ጠዋት ግን ሳላንኳኳ ገባሁ። በሶማሊኛ ለመናገር አጥንቼው የመጣሁት ሁሉ ጠፋብኝ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ግማሹን በሶማሊኛ ተናገርኩት። ሌላ ሥራ አለኝ፣ አስተምራለሁ፣ ሰኞ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፣ መውሊድ አምስት ጊዜ ደውሎልኛል፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት አልኳት። ላፕቶፗን ዘጋችው። ውጭ የሚኒባስ ረዳት ሰው ሲጠራ ይሰማኛል።

"ስንት ጊዜ ሆነህ?" አለችኝ።

"ሰባት ወር።"

"በሚያዝያ ብትጠይቀኝ እሺ እልህ ይሆናል፣ እምቢም እልህ ይሆናል። አሁን እኔም አንተም አናውቀውም" አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። መድኃኒቱ ይተካል፣ ያንተ ሌላ ሥራም ቢሆን በሕግ የምንነጋገርበት ነው፣ ይኸኛው ግን ይቅርታው ከእኔ ዘንድ አይደለም ብላ አዴር መውሊድን አስጠራችው። እዚሁ ፊቴ ንገረው አለችኝ።

ነገርኩት። ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል በክንዴ ይዞ አቀናኝ። ከዚያ ከደረት ኪሱ ያቺን ትንሿን ስልኩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። አምስቱም ጥሪ ከነሰዓቱ እዚያ አለ። ከሰኞ ጀምሮ በኪሱ ይዞት ይዞር ነበር። ዶክተር ሱዓድ ለምን አላሳየኸኝም ስትለው፣ እሷን ትቶ ወደ እኔ ዞረና በአማርኛ ተናገረ። አማርኛ እንደሚችል አላውቅም ነበር።

"በጦርነቱ ጊዜ ጎረምሳ ሆኜ በእናንተ አገር ስደተኛ ነበርኩ። ወረቀት የሌለው ሰው ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ራስህ እንድትናገር እስከ ዛሬ ማታ ልጠብቅህ አልኩ። ከዛሬ ማታ በኋላ ግን አሳያት ነበር። እኔም ልጆች አሉኝ።"

እታለም፣ ይህን ስጽፍልሽ እንኳ ፊቴ ይቃጠላል። ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም። እኔም አልለመንኩትም። ስልኩን ወደ ኪሱ መልሶ ወደ በሩ ሄደ።

ዶክተር ሱዓድ ቅዳሜ ና አለችኝ። ሁለቱን ቀን ቤት ቁጭ ብዬ ፓስፖርቴን እያገላበጥኩ፣ ልብሴን በሻንጣ እያስገባሁና እያወጣሁ አሳለፍኩት። ለአንቺ ልደውል ስልኩን አንስቼ ቁጥርሽ ላይ ስደርስ እተወው ነበር። ቅዳሜ ስገባ ጠረጴዛዋ ላይ ደብዳቤ ተዘጋጅቷል። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው። ከሥራዬ አላባረረችኝም። የቀዝቃዛው ክፍል ቁልፍ ግን ከእኔ ተወስዶ ለአዴር መውሊድ ተሰጠ፣ ጠዋት ጠዋት የሚከፍትልኝ እሱ ነው። ማስተማሩንም ዛሬውኑ ተሰናብተህ ተወው አለችኝ። ውሌ በሰኔ ሲያልቅ ይታደስ እንደሆነ ጠየቅኳት፤ በሰኔ እናያለን አለች። ፈርሜ ወጣሁ።

የዚያኑ ቀን ወደ ማሠልጠኛው ሄድኩ። አብሺር ከመካከል ጥለኸን ትሄዳለህ ብሎ ክፉኛ ተቆጣኝ፣ እውነቱን ነው። ተማሪዎቹን ራሴ ልንገራቸው ብዬ ገባሁ። እንደ ልማዳቸው ተነሡ። ተቀመጡ አልኳቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ስልኩንም፣ ውሸቱንም፣ ሽማግሌውንም። አንዱ ወጣት አንገቱን ደፋ። እኔም ልወጣ ቦርሳዬን አነሣሁ።

ኢስታሂል የምትባል አንዲት ተማሪ አለች፣ አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ገበያ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ የምትሸጥ የልጆች እናት። ፍሪጇ በተበላሸ ቁጥር ጠጋኝ እያታለላት ነው ትምህርት የጀመረችው። እጇን አወጣች።

"ማዓሊን፣ ሞተሩ ግን ምን ሆኖ ነው የቆመው?"

ማስነሻው ተቃጥሎ ነው አልኳት። እንዴት ይቃጠላል አለች። ሌላው ደግሞ በሃያ ደቂቃ እንዴት ሠራኸው አለ። ዘበኛው ብቻውን ሆኖ ምን ማድረግ ይችል ነበር ብሎ የጠየቀም ነበር። ቦርሳዬን አስቀመጥኩና ጠመኔ አነሣሁ። ያን ሰኞ የሆነውን ከመጀመሪያው ጀምሬ ሰሌዳው ላይ ሣልኩላቸው፣ የቱ ጋ ቀድሞ እንደሞቀ፣ ምን ምልክት እንደነበረው፣ እኔ በየሳምንቱ ባየው ኖሮ ምን አገኝ እንደነበር። የመግሪብ አዛን እስኪሰማ ድረስ አስተማርኳቸው። ሲወጡ ሁሉም በየደብተራቸው ገልብጠውት ነበር፣ ኢስታሂል ግን ሰሌዳው እንዳይጠፋ ለምና በስልኳ ፎቶ አነሣችው።

እንግዲህ የሆነው ይኸው ነው። እንደፈለግሽ ተቆጪኝ፣ መብትሽ ነው። ከአንቺ የምለምነው አንድ ነገር አለ፣ እሱን ከሰላምታው ጋር እጽፈዋለሁ።

ጋሼ ኦብሳን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ደሙ ከፍ ይላል ስላልሽኝ ጨው እንዲቀንስ እባክሽ ተቆጣጠሪው። ኪዳናዊትን ሁለቱን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ለፈተናዋ በርትታ ታጥና። ለእትዬ መታሰቢያና ለመላው ጎረቤት በየስማቸው ሰላምታዬን አድርሺ። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ልጄ መምህር ሆነ እያለች ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ እንደምታወራ ነግረሽኛል። ማስተማሬን ማቆሜን አንቺ ንገሪያት። ለምን ብላ ስትጠይቅሽ ግን ታሞ ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው አትበያት። አትሸፍኚልኝ፣ እንዳለ ንገሪያት።

ወንድምሽ ወንድዬ

ሀርጌሳ፣ 26 ጁን ሰፈር
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.