በፍሬአብ ስም የሠሩ እጆቼ

ሚዛን አማን፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ፍሬአብ፣

አለቃችን ዶክተር ወልደአማኑኤል በአዳራሹ «በመለማመጃው የቪአር መነጽር ከሬዚደንት ሐኪሞቻችን ሁሉ የላቀ እጅ ያሳየው ፍሬአብ ነው፤ ለቀዶ ሕክምና ሥልጠና አዲስ አበባ ይሄዳል» ሲሉ ዞር ብዬ አየሁህ። «ስህተት አለ፣ የሷ ነው» እስክትል ጠበቅኩ። አንተ ግን የተኮስኩልህን ኮት ቆልፈህ ተነሳህ።

መነጽሩ የመጣ ሰሞን ያንተ ስም ብቻ ተመዝግቦበት፣ የኔ ሳይመዘገብ ኔትወርኩ ሲጠፋ፣ «በኔ ስም ግቢ፤ ልንጋባ አይደል? የኔና ያንቺ ምን አለው?» ያልከኝ አንተ ነህ። አንተ ቴፒ ወርደህ የአባትህን ቡና ስታስለቅም፣ እኔ መነጽሩን አጥልቄ በውስጡ የምትታየዋን የዚያችን የሌለች ሴት ሐሞት ሳወጣ ከረምኩ። አንተ አንዴ ብቻ ሞከርክ፤ መቆረጥ የሌለበትን ዋናውን የሐሞት ቧንቧዋን ቆረጥከው። «ውይ፣ ገደልኳት!» ብለህ እየሳቅክ መነጽሩን ወረወርክልኝ። እኔም ሳቅኩ። እዚያ አንድ ቁልፍ ከተጫኑ ሴትየዋ እንደ አዲስ ትተኛለች።

እውነቱን ስነግራቸው ዶክተር ወልደአማኑኤል ምን አሉኝ መሰለህ? «ልጄ፣ ለባልሽ ያልሆነ ክብር ለማን ሊሆን ነው? ይልቅ ሰርግሽን ደግሺ።» እናትህም ደውለው «የምሥሬ፣ ባልሽን በሰው ፊት ልታሳጪው ነው?» አሉኝ። ቀለበትህ ጣቴ ላይ ነበር፤ ሻንጣህን አዘጋጅቼ ወደ አዲስ አበባ ሸኘሁህ።

ትናንት ደግሞ አንተ ደወልክ። እንደምን ነሽ እንኳ ሳትል፦

«የምሥሬ፣ ሰኞ የእውነት በሽተኛ ሰጥተውኛል። ቧንቧውን ከደም ሥሩ እንዴት ነበር የምትለዪው? መነጽሩን አድርገሽ ቪዲዮ ቅረጪልኝ፤ እያየሁ እለማመዳለሁ።»

«ማን ናት?» አልኩህ።

«እኔ እንጃ፣ አንዲት እናት ናት። ልጆቿ በር ላይ ናቸው።»

ስሟን እንኳ አልጠየቅክም።

ቪዲዮውን አልቀረጽኩም። አዲስ አበባ ላሉት አለቃህ ደወልኩላቸው። «ያያችሁት የኔን እጅ ነው። ካላመናችሁኝ ከሰኞ በፊት እናንተ ዘንድ ያለውን መነጽር በፊታችሁ አጥልቁለት» አልኳቸው። ይህን ስታነብ አጥልቀውልህ ይሆናል። የዚያችን የሌለች ሴት ቧንቧ ዳግም ስትቆርጠው ሁሉም ቆመው አይተውህ ይሆናል። ያን ጊዜም ስቀህ ከሆነ ንገረኝ።

ቀለበትህ ፖስታው ውስጥ አለ። ከጣቴ አልወጣ ብሎ በሳሙና ነው ያወጣሁት። ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ጌታ ያንተን እጅ ከሰው ሆድ ያርቅ፤ ያቺንም ሴት ለልጆቿ ያቆይ።

ከእንግዲህ እጄ የሠራው በሌላ ሰው ስም ሲጠራ አልቀበልም፤ ስሙ የባሌ ቢሆንም።

ዶክተር የምሥራች ፍቅሩ