የወደቡ ባክቴሪያዎች ሳሙና

ጁባ፣ ሰኞ ሐምሌ 14

ጠዋት ላቦራቶሪ ስገባ ክፍሉ እንደ ምድጃ ይፋጃል። ነዳጅ አልቆ ጄኔሬተሩ ከዓርብ ጀምሮ ቆሟል። ከናይል ወንዝ ወደብ ጭቃ አውጥተን ያራባናቸው ባክቴሪያዎች ግን አልሞቱም፤ አረፋቸው ጠርሙሱን ሞልቶታል። ደስ አለኝ። የሠሩትን ሳሙና፣ ማለትም ናፍጣን የሚበትነውን ፈሳሽ፣ ናፍጣ ላይ ጠብ ሳደርገው ግን ናፍጣው ንቅንቅ አላለም።

"አረፋው አለ አይደል? ምን ጎደለው?" አለኝ የሥራ ባልደረባዬ ዴንግ።

"ሳሙናው እንደ በፊቱ አይደለም" አልኩት። ባክቴሪያ የሚሠራው ሳሙና እንደ ምግቡና እንደ ሙቀቱ ይለያያል። እኛ ደግሞ ስኳር ስናጣ የሱፍ ዘይት አበላናቸው፤ ሙቀቱ ተጨመረበት።

ከሰዓት ወደ ወደቡ ወረድኩ። ከጀልባ የፈሰሰ ናፍጣ የጎመን መደባቸውን ካበላሸው ወዲህ ወደቡ ዳር ጎመን የሚያለሙት ማማ ሜሪ አፈሩን እንድናጸዳላቸው የሚጠብቁት እኛን ነው።

"ቡክራ?" አሉኝ፤ ነገ ታጸዱልኛላችሁ ወይ ማለታቸው ነው።

"አይ ማማ፣ እንደገና ልንጀምር ነው።"

ዝናቡ ሳያልፍ መዝራት አለባቸው። ጎንበስ ብለው ናፍጣ የሚሸተው አፈር ውስጥ ዘር መቅበር ጀመሩ። "ይተዉት፣ እዚህ የበቀለ አይበላም" ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ታዲያ ልጆቻቸው ምን ይብሉ? ወደ ላቦራቶሪው ተመለስኩ።