ትል እምቢ ያለው ጎመን

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ኃይለ ኢየሱስ፣
የከተማችን የእርሻ ልማት ጣቢያ ኃላፊ፤
መንዝ።

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በስብሰባ ላይ «ጓድ ኃይሉ» መባልን እንደሚመርጡ ባውቅም፣ በደብዳቤ ላይ የሰውን ስም መቁረጥ ነውር ነው ብለው አባቴ ስላሳደጉኝ፣ እናትዎ ባወጡልዎት ሙሉ ስም መጥራቴን በቅንነት ይዩልኝ። ዓይንዎን፣ ጉልበትዎን፣ ከሁሉም በላይ ሆድዎን ደህና ያድርግልዎት። ሆድዎን ለይቼ የተመኘሁበት ምክንያት ወደ ታች ሲወርዱ ይገባዎታል።

ባለፈው በአዳራሹ ስብሰባ «ሰፊው ሕዝብ ሂሱን ሳይፈራ በጽሑፍ ያቅርብ» ብለው ስለጋበዙን፣ እኔም የሰፊው ሕዝብ አንዲት ቅንጣት ነኝና ግብዣውን በአክብሮት ተቀብዬ፣ አንዱን ቅጂ ለእርስዎ ልኬ ሌላውን ከገበያው አጠገብ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ነፋስም ሆነ ሰው እንዳይገነጥለው ቢያስጠብቁልኝ ምስጋናዬ እጥፍ ይሆናል።

ምናልባት ረስተውኝ ከሆነ፣ ጌታነሽ እባላለሁ፤ የቄስ መርስዔ ኃዘን ልጅ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች የምኖር ባል የሞተብኝ ሴት ነኝ። ፊደል ያስቆጠሩኝ አባቴ ናቸው፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ደግሞ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ አስተምሮኛል፤ ለሁለቱም ውለታ ይኸው ዛሬ እከፍላለሁ። ልጄ አማከለች ባሏ በሰሜን ግንባር ስለሆነ በየካቲት ነፍሰ ጡር ሆና፣ እንደ አገራችን ወግ፣ በእናቷ ቤት ልትወልድ መጣች። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ አስወርዷት ስለነበር እሷን ሳያት እንቁላል ተሸክማ በዳገት የምትሄድ ሰው የማይ ይመስለኝ ነበር። ሂሴ እንግዲህ ከዚህ ይጀምራል።

አንደኛ፣ ስለ ጎመኑ ውበት ላመሰግንዎት እፈልጋለሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ከወንዙ ዳር ያለው የአምራቾች ማኅበር የመስኖ አትክልት ለገበያ ደረሰ። ቅጠሉ እንደ ሰፌድ የሰፋ፣ አንድም ቀዳዳ የሌለው፣ ዕድሜ ልኬን እንዲህ ያለ ጎመን አይቼ የማላውቅ ነበር። እርስዎም የተባይ መድኃኒት መርጫውን በጀርባቸው ካዘሉት ወጣቶች ፊት ቆመው «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን» ሲሉ ካጨበጨቡት አንዷ እኔ ነበርኩ፤ ጎመኑንም በመጀመሪያው ገበያ ገዝቼ ለልጄ አቅርቤያለሁ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ውሃ ልቀዳ ስወርድ፣ ልጆቹ ላይኛውን መደብ እየረጩ ሴቶቹ ታችኛውን ሲቆርጡ፣ ነፋሱም ጭጋጉን ከላይ ወደ ታች ሲያመጣው አየሁ። እጄ ላይ እንስራ ስለነበረ አፍንጫዬን መያዝ አልቻልኩም። በገበያ የማኅበሩን ሻጭ «ይሄ የተረጨው መቼ ነው?» ብዬ ብጠይቃት «እትዬ፣ መድኃኒት እኮ ነው፤ መድኃኒት መቼ ይጎዳል?» አለችኝ። አባቴም መድኃኒት ማለት የሚያድን ማለት ነው ብለው አስተምረውኛል። ትሉን እንዳላዳነው ግን ግልጽ ነበር።

ከገበያው ማዶ፣ ከግንቡ ሥር፣ ጋሽ አፈወርቅ ይቀመጣሉ። ማኅበር ያልገቡ፣ መርጫውንም «ንቦቼ ከቦዩ ውሃ ይጠጣሉ» ብለው ያልተቀበሉ ሽማግሌ ናቸው። ጎመናቸው ወንፊት ይመስላል፤ ትንሽ ነው፣ ክሽክሽ የሚሉት ተባይ ከጀርባው ተጣብቆበታል፣ ዋጋውም ከማኅበሩ ይወደዳል፤ ከእሳቸው መግዛት ደግሞ ግለኝነትን ማበረታታት ነው ተብሎ በቀበሌ ይወራል። እነሆ እኔ በሁለቱ ጎመኖች መካከል መንከራተት ጀመርኩ። አንዱን ገበያ ከጋሽ አፈወርቅ እገዛለሁ፤ በሚቀጥለው አርፍጄ ስደርስ አልቆ ወደ ማኅበሩ እመለሳለሁ። በጨው ውሃ አጥባለሁ፣ ቀቅዬ ውሃውን እደፋለሁ፣ እንደገና እቀቅላለሁ። ቅጠሉን አሸትቼ አሸትቼ በመጨረሻ ዳቦውም፣ ነጠላዬም፣ የልጄ ጠጉርም መድኃኒት መድኃኒት ይሸተኝ ጀመር። አማከለች «እማዬ፣ ወይ ልብላው ወይ ጣዪው፤ አቅርበሽ አትንጠቂኝ» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ሦስት ጊዜ ከፊቷ አንስቼባታለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ በጊቱ። ከማኅበሩ የገዛሁትን ጎመን ስከትፍ የውጭ የውጭውን ቅጠል ከጓሮ ለታሰረችው በግ ጣልኩላት። ውዬ ሳያት አፏ አረፋ ይዟል፣ እግሯ ይንቀጠቀጣል፤ ሳይመሽ ሞተች። በማግስቱ የተረፈውን ቅጠል በቅርጫት ይዤ ቢሮዎ መጣሁ። ቆሜ መናገሬን ሳይሰለቹ ስላዳመጡኝ አመሰግናለሁ። «በሌላ በሽታ ሞታ ሊሆን ይችላል» አሉኝ፤ ሊሆን ይችላል፣ እኔም አልማልኩም። ቀጥለው ግን «ደግሞስ ሰው እንደ በግ አይበላም» አሉኝ። ጓድ ኃላፊ፣ እርስዎ የቆላ ሰው ስለሆኑ አልፈርድብዎትም፤ በዐቢይ ጾም እኛ የመንዝ ሰዎች ከበግ የምንለየው ጎመኑን በመቀቀላችን ብቻ ነው። ልወጣ ስል ደግሞ «ይህን ወሬ ውጭ ካናፈሱት አሻጥር ይባላል» ብለው ስለመከሩኝ፣ ይኸው ወሬ ሳላናፍስ በጽሑፍ አቅርቤዋለሁ።

በሚቀጥለው ገበያ እርስዎ ራስዎ መጥተው ከማኅበሩ ክምር አንድ ቅጠል መዘው፣ ሕዝብ እያየ ጥሬውን በሉት። እንዲህ ያለ መሥዋዕትነት ከአንድ ኃላፊ አይጠበቅምና ከልብ ተነክተናል። ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ቢሮዎ ተዘግቶ ሲከርም፣ ክፉ ሰዎች ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ነው ያሉት ሲሉ እኔ ግን ለስብሰባ ነው እያልኩ ስከራከር ሰንብቻለሁ።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ እንደ ሌላው አይታዘዘኝም። በጊቱ መሞቷ ሲሰማ ገበያተኛው ሁሉ ከግንቡ ሥር ተሰለፈ፤ የማኅበሩ ጎመን በፀሐይ ጠወለገ። ወዲያው የጋሽ አፈወርቅ ጓሮ «የተባይ ማራቢያ» ነው ተብሎ፣ መርጫ ያዘሉት ልጆች ተላኩና አጥሩን ዘልለው ረጩላቸው። አርብ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ከደጄ መጥተው ቆሙ። ግቡ ብላቸው አልገባም አሉ።

«ልጄ፣ ነገ ገበያ ብትወጪ የኔን እንዳትገዢ» አሉኝ። «ረጭተውታል።»

«ሌላው ሰውስ፣ ጋሼ?»

«ለሁሉም እየዞርኩ ነው።»

እውነትም ምርኩዛቸውን ይዘው ከእኔ ቤት ወደ ጎረቤቴ፣ ከጎረቤቴ ወደ ላይኛው ሰፈር ሄዱ። የሚሸጡትን ዕቃ አትግዙ ብሎ ቤት ለቤት የሚለምን ነጋዴ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በማግስቱ ልጠይቃቸው ስሄድ ጎመኑን በገዛ እጃቸው ነቅለው ይቀብሩ ነበር። ከቀፎዎቹ ሥር የወደቁትን ንቦች አንድ ጥግ ጠርገው ከምረዋቸዋል። እኔም አፈሩን አብሬያቸው መለስኩ።

ከዚህ በኋላ ያለው የቤቴ ጉዳይ ነው፤ ግን በሁለቱ ጎመኖች መካከል የነበረኝን ምርጫ አንስተው ስላቀለሉልኝ ውጤቱን ማወቅ ይገባዎታል። አማከለች በበሶና በገብስ ቆሎ ብቻ ሰነበተች፤ ፊቷ አመድ መሰለ። ከሕብረት ሱቅ ያመጣሁት ባቄላ ላይ ነጭ ዱቄት ብናገኝበት እሱም መድኃኒት ይሆናል ብለን ተውነው። የነፍስ አባታችን አባ ገብረየሱስ ዘንድ ሄድኩ። ጉዳዩን ሰምተው «ወተት ትጠጣ። ኃጢአት ካለበት በኔ ይሁን» አሉኝ። አማከለች ግን አሻፈረኝ አለች።

«ጾሙን የያዝኩት እሱ በደህና እንዲመለስ ተስዬ ነው። ባሌ ጥይት ውስጥ ሆኖ እኔ ወተት ልጠጣ?»

«የእሱስ ልጅ ሆድሽ ውስጥ እየተራበ አይደል?»

«ስለቴን ብሽርና እሱ አንድ ነገር ቢሆን፣ አንቺ ትችይዋለሽ?»

አልችለውም ነበር፤ ቢሆንም ወተቱን አፍልቼ ፊቷ አቀረብኩት። ወተቱ ከመካከላችን ተቀምጦ ቀዘቀዘ፣ ፊቱ ላይ ስልባቦት አወጣ። ያን ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ጽንሱ አልተንቀሳቀሰም ነበር፤ እጇን ከሆዷ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች፣ እኔ እጇን እያየሁ እጠብቃለሁ። ወደ ተሲያት ላይ ጽዋውን አነሳችና እንባዋ እየወረደ ጨለጠችው። ትንሽ ቆይታ እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አደረገችው። ሕፃኑ ተራግጦ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ሴት ልጅ ወለደች። ትንሽ ናት፣ ግን ጡት ስትይዝ አትለቅም። አባቷ ደብዳቤያችን ይድረሰው አይድረሰው ገና አላወቅንም። እኔም አላረፍኩም፤ ሕፃኗ ባስነጠሰች ቁጥር በጾሙ መጀመሪያ ለእናቷ ያቀረብኩት ያ ያማረ ጎመን ትዝ ይለኛል፣ አማከለች በሩ በተንኳኳ ቁጥር ያ ጽዋ ትዝ ይላታል። የትኛችን ልክ እንደነበርን የሚነግረን የለም።

ቁጥሩ ስለጠፋኝ የቀረውን በደፈናው ላመስግን። የመድኃኒቱን ባዶ ጣሳ ለውሃ መቅጃ እንዲሆን ለድሆች ስላከፋፈሉ፣ ሰው ሁሉ ምን ያህል እንደሚያስቡለት አይቷል። ጣሳው ላይ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ረጅም ነገር አለ፤ ከጎኑም የራስ ቅል ተስሏል። ሥዕሉን ያለ አስተርጓሚ ተረድተነዋል፤ ጽሑፉን ግን የተማረ ሰው ተርጉሞ ለሚረጩት ልጆችና ለሚቆርጡት ሴቶች እንዲያነብላቸው ይታዘዝልን። የተረጨ መደብ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርልን፤ ቀይ ጨርቅ ከየካቲቱ ሰልፍ የተረፈ በመጋዘንዎ ሞልቷል። ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ይነገረን፣ እንቆያለን፤ መቆየት ለምደናል። እርጩ አትርጩ ማለቴ አይደለም፤ ክሽክሹ ጠላቴ ነው። የምበላውን አውቄ ልብላ ነው የምለው።

በእርሻው ግንባር በሚያደርጉት ያላሰለሰ ትግል ትል፣ ንብና በግ ሳይለዩ ሁሉንም በእኩልነት ስላዩ አድናቆቴን እየገለጽኩ፣ በታላቅ ትሕትና ዝቅ ብዬ፣ ከወገቤ ቀና ስል ደግሞ ሰሌዳውን እያየሁ የምሰናበትዎ፣

ጌታነሽ መርስዔ ኃዘን
ሐምሌ ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ የጣቢያዎ ዘበኛ በጓሮ በር መጥቶ፣ ባለቤትዎ እመጫት ስለሆኑ መድኃኒት ያልነካው ጎመን እንደሚፈልጉ፣ እርስዎም ይህን እንዳይሰሙ በሹክሹክታ ነገረኝ። ጋሽ አፈወርቅ በሰጡኝ ዘር ከቤቴ ጀርባ ያበቀልኩት ስላለ አንድ እስር ቆርጬ በስጦታ ልኬላቸዋለሁ፤ እንኳን ማርያም ማረችዎት ይበሉልኝ። ትሎቹን ልለቅምላቸው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን በሕይወት መኖራቸውን በዓይናቸው አይተው ልባቸው እንዲያርፍ ብዬ እንዳሉ ትቻቸዋለሁ።