ትናንት የተጫኑት ቁልፍ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2። ከቀኑ 9 ሰ.

የሶፍትዌሩ ጭነት ለሦስተኛ ጊዜ መሃል ላይ ቆመ። መብራት ሄደ። ጄኔሬተር እስኪነሳ መጠበቅ፤ ከዚያ እንደገና ከሀ። ደብተሬ፣ አንቺን የምከፍትሽ ኮምፒውተሩ ሲያኮርፈኝ ነው። አትቀየሚኝ።

የምጭነው ነገር ይኸውልሽ። እዚህ ጭሮ ቢሮ ተቀምጦ ሂርና ያለውን የከብት መኖ ፋብሪካ ማየት። እዚያ ሚዛኑ፣ የበቆሎና የፉርሽካ ጎተራው፣ ትልቁ ማደባለቂያ፣ ሁሉም በየራሱ ቋንቋ ይለፈልፋል። ሶፍትዌሩ የሁሉንም ወሬ አ.አ. ባለ ማዕከል በኩል ሰብስቦ ሐጂ ጠረጴዛ ላይ ያቀርባል። ሐጂ ሙሳ የፋብሪካው ባለቤት ናቸው። የሐረርጌ ሰንጋ ግማሹ የሚደልበው በእኔ መኖ ነው ይላሉ። ይበሉ።

10 ሰ. ገደማ። ሂርና መለሰች! የፉርሽካው ሚዛን ቁጥር ስክሪኑ ላይ ወጣ። ከወንበሬ ዘለልኩ። ሐጂ፣ ጎበዝ ልጄ አሉኝ። ደስታዬ ግን አልቆየም። ከደብረ ብርሃን ለዚህ ሥራ ከመጣሁ ጀምሮ ደስ ባለኝ ቁጥር ወዲያው የሠራሁትን መልሼ እቆጥራለሁ። ምን ረሳሁ? ምንም። ይመስለኛል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4። ረፋድ

ኔትወርክ ሲጠፋ ቁጥሩም ይጠፋል። ትናንት ከሰዓት ሙሉ ባዶ። ሐጂ ተቆጡ፤ ባዶ መስኮት ለማየት ነው ወይ ይህ ሁሉ ድካም አሉ። አ.አ. ሶፍትዌሩን ለሸጠልን ሰው ደወልኩ። አንድ ምርጫ አለ፣ አብሪው አለኝ፤ መስመር ሲቋረጥ መልእክቱን ይዞ ይቆያል፣ ሲመለስ ያደርሳል፣ ምንም አይጠፋም። ለሁሉም መልእክት ላብራው? አልኩት። ለሁሉም። አበራሁት። ሠራ። ቁጥሩ ዘግይቶም ቢሆን ይመጣል።

ሌላ ጣጣ። የሂርናው ማሽን ኃላፊ ጀማል ማደባለቂያውን ሲያጸዳ ዋናውን ማብሪያ ያጠፋል። ያኔ ሚዛኑም የኔትወርክ ሳጥኑም አብረው ድርግም። የሐጂ ስክሪን ቀይ በቀይ። ዋናውን አትንካው፣ የማደባለቂያውን ማቆሚያ ብቻ ተጫን አልኩት በስልክ። እሺ ኢንጂነር አለ። ጀማል ለሁሉም ነገር እሺ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ማታ 12 ሰ. ተኩል

ሐጂ ማየት አልበቃቸውም። ማደባለቂያውን ከጭሮ ሆነው ማስነሳት፣ ለደንበኛ ማሳየት ፈለጉ። ይቅርብዎት ለማለት አፌን ከፈትኩ። የወጣው እሺ ነው። ለካ እሺ ባይ ጀማል ብቻ አይደለም።

ጠዋት ሂርና ሄጄ የማስነሻውን ሽቦ ከኔትወርክ ሳጥኑ ጋር ቀጠልኩ። የማደባለቂያውን ውስጡን ያየሁት ገና ዛሬ ነው። ሰው አጎንብሶ ይቆምበታል። መሃሉ ላይ ጠምዛዛ ብረት። መኖው የሚለወስበት የስኳር አተላ፣ ሞላሰሱ፣ ብረቱ ላይ እየተጣበቀ ስለሚደርቅ ጀማል ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በፊት ገብቶ ይፍቀዋል። ከመግባትህ በፊት ደውልልኝ፣ እስክትወጣ የሐጂ ስክሪን ላይ ያለውን የማስነሻ ቁልፍ ማንም እንዳይነካው እጠብቃለሁ አልኩት። እሺ።

ከሰዓት ጭሮ። ሐጂ ቁልፉን ተጫኑት። ሂርና ማሽኑ ተነሳ። ወዲያው ጀማል ደወለ፤ አጠገቡ ቆሞ ሻይ ይጠጣ ነበር፣ ደንግጦ ልብሱ ላይ ደፋው። እየሳቀ ነው የሚነግረኝ። ሐጂም ሳቁ። እኔ ዓርብ ስንት ቀን እንደቀረው ቆጠርኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል። ከጠዋቱ 4 ሰ.

ቤተ ክርስቲያን ስሜ ቢሮ ገባሁ። ከተማው በየደጁ ቆሻሻ እያቃጠለ ጭስ በጭስ ሆኗል። ኔትወርክ ከትናንት ጀምሮ የለም። ስልክም የለም። ጀማል ሊደውልልኝ አይችልም። ምንም አይደለም፤ መስመር ከሌለ ማሽኑን ከዚህ የሚያስነሳው የለም።

ሐጂ ገቡ። በወሬ መሃል ጣል አደረጉት። ትናንት እኔ ምሳ ስወጣ አንድ ትልቅ ደንበኛ መጥቶ ኖሯል። ቁልፉን ተጫኑ፣ እምቢ አለ። ደጋግመው ተጫኑ። አፈሩ። ሰውዬውን ምሳ ጋብዘው ሸኙት።

ደጋግመው ተጫኑ።

ስክሪኑን ከፈትኩ። «በመጠባበቅ ላይ» የሚል መስመር አለ፤ እስከ ዛሬ ልብ ብዬው አላውቅም። ሦስት ትዕዛዝ። ሦስቱም አንድ ዓይነት፦ ማደባለቂያ አስነሳ። ምንም አይጠፋም ብዬ ያበራሁት ምርጫ ይህንንም ይዞ እየጠበቀ ነው። ኔትወርክ ሲመለስ ያደርሳል።

ሦስቱን ሰረዝኩ። ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩ። ከሥሩ ሌላ መስመር፦ የተላከ፣ አንድ። ትናንት ማታ ኔትወርኩ ለአፍታ ብልጭ ብሎ ነበር፤ አንዱ ያኔ ሾልኳል። የት ደረሰ? አ.አ. ያለው ማዕከል ሂርናን እየጠበቀ ይዞት ይሆናል። እጄ አይደርስበትም።

ጀማልም እንደ እኔ ነው የሚያስበው። ኔትወርክ የለም፣ ማንም አያስነሳውም፣ ልግባ። ዋናውን ማብሪያ እንዳያጠፋ ያልኩት እኔ ነኝ።

4፡35። የሂርና ሚኒባስ ውስጥ

ለሐጂ ሳልናገር ሮጬ ወጣሁ። ጽሑፌ ተንጋደደ። ሾፌሩ ጫት ሊገዛ ቆመ። ለመንኩት። ተሳፋሪው ምን ሆና ነው ይባባላል። ስልኬን አልለቅም። መስመር የለም። እባክህ አትምጣ። ሌላ ቀን ኔትወርክ ና ና እያልኩ እጸልያለሁ፤ ዛሬ እንዳይመጣ እየተሳልኩ ነው። ሚካኤል ሆይ።

5፡20

መጣ። ስልኬ ጮኸ። የትናንት መልእክት ሁሉ ባንድ ላይ ይንጫጫል። ጀማል ጋ ደወልኩ። ይጠራል። ይጠራል። አያነሳም። እንደገና። አያነሳም

7 ሰ.፣ ሂርና

አለ። ጀማል አለ። እግ/ር ይመስገን። አሁን ጁምዓ ሄዷል፤ በሁለት እግሩ።

የፋብሪካው በር ላይ ስደርስ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። አንድ እግሩ ጫማ የለውም። ማሽኑን አጥፍቶታል፤ ዋናውን። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፣ ውሃ ያመጣልኝ እሱ። ማደባለቂያው ውስጥ ሆኖ ሲፍቅ፣ ውጭ በርሜል ላይ ያስቀመጠው ስልክ ጮኸ። ከትናንት ወዲህ ስልክ ጠርቶ ስለማያውቅ ከቤት ይሆናል ብሎ ሊያነሳ ወጣ። አንድ እግሩ መሬት እንደረገጠ፣ አንዱ ገና የማደባለቂያው በር ላይ እያለ ብረቱ ዞረ። ጫማውን ከእግሩ ላይ ወሰደው።

«ወላሂ፣ ስልኩ ባይጮህ እዚያው ነበርኩ» አለኝ። ከዚያ ማን ነው የተጫነው ብሎ ጠየቀኝ። ሐጂ ትናንት ነው የተጫኑት አልኩት። ዛሬ ማን ነው የተጫነው አለ ደግሞ። ዛሬ ማንም።

የእኔ ጥሪና የሐጂ ትዕዛዝ በአንድ ኔትወርክ ተከታትለው ገቡ። እኔ ትንሽ ቀደምኩ። መደወል ባልጀምርስ? ተሳፋሪውን አፍሬ ስልኩን ኪሴ ብከተውስ? ማሰብ አልችልም።

የማስነሻውን ሽቦ ቆረጥኩት። ቆርጬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ዋናውን ማብሪያ ሳታጠፋ እንዳትገባ፣ የሐጂ ስክሪን ቢፈልግ ደም ይምሰል አልኩት። እሺ አላለኝም ዛሬ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ከቀኑ 10 ሰ.፣ ጭሮ

ጠዋት ሐጂ ጋ ገባሁ። የነቀልኩትን ገመድ መልሰው ሰክተዋል፤ ደስ ብሏቸዋል። ትናንት ማሽኑ እንደተነሳ ስክሪኑ መዝግቦታል፤ አየሽ ይሠራል አሉኝ። ትዕዛዙ ዘግይቶ ነው የደረሰው፣ አደገኛ ነው፣ ሽቦውን ቆርጬዋለሁ አልኩ። የጀማልን ነገር ግን ዋጥኩት። አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ያንን ከነገርኳቸው ማብሪያውን አትንካ ያልኩትም ይወጣል፤ ከዚያ እዚህ ከተማ ማን ይቀጥረኛል።

ዘግይቶም ቢሆን መድረሱ ጥሩ ነው አሉ። ደንበኛው ሰኞ ይመለሳል፣ እስከዚያ ቀጥይው። እሺ ሐጂ አልኩ።

እሺ አልኩ፣ ደብተሬ። የጀማል ጫማ ከማሽኑ ውስጥ ሲወጣ እንደ ጨርቅ ተጠምዞ አይቼ፣ እሺ።

ቤት ገባሁ። ምሳ አልወርድ አለኝ። ቅድም ስልኬን አንስቼ ደወልኩላቸው።

«ሐጂ፣ ሽቦውን አልቀጥለውም። ትናንት ማሽኑ ሲነሳ ጀማል ገና ከውስጡ እየወጣ ነበር። ዋናውን አታጥፋ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ጠበቅሁ። ሐጂ? ሐጂ ይሰሙኛል? ስልኩን ከጆሮዬ ላይ አንስቼ አየሁት። መስመር የለም። የቱ ላይ እንደተቋረጠ አላውቅም። ምኑን ሰሙ፣ ምኑ ቀረ?

እስኪመለስ አልጠብቅም። እንዲህ ያለ ነገር ለኔትወርክ አይሰጥም። ቤታቸው ከመስጊዱ ጀርባ ነው። ዓይናቸውን እያየሁ እነግራቸዋለሁ፣ ያባርሩኝ። በእግሬ እየሄድኩ ነው።