እህቴ «ዳንኩ» እስክትል ድረስ

ለክቡር አቶ ሰይፈሥላሴ፣
የወረዳችን ፍርድ ቤት ዳኛ
ሚያዝያ ፲፩ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ የሺንሺቾ ተወላጅ፣ በሆሳዕና ልጆች ፊደል የማስቆጥር መምህርት ጵርስቅላ፣ ለመላ ሰውነትዎ፣ ይልቁንም ለአእምሮዎ፣ ፍጹም ጤንነት እመኛለሁ። የዋሉልንን ውለታ በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ነውር ስለሚሆንብኝ የዚህን ደብዳቤ ቅጂ ገበያው በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

፩. ታናሽ እህቴ ጣቢታ ባሏ ከሞተ በኋላ አማቷ አቶ ዳኘ የሟቹን ወንድም እንድታገባ ቢያስገድዷት፣ አላገባም ብላ ከጃጁራ በእግሯ መጥታ ለእርስዎ አቤት ማለቷን ያስታውሳሉ። መጥሪያው ቅያሪ ልብስ ይዛ እንድትቀርብ ሲያዝ ለንጽሕናዋ ያሰቡላት መስሎን ነበር። ነጠላዋን አጥቤ የሰጠኋት እኔው ነኝ።

፪. በችሎቱ ፊቷ የተቀመጠው ማን እንደሆነ ቢጠይቋት «ነገር የሚቆርጡት ጌታ» አለች። ዳቦ አንሥተው ቢያሳዩዋት «የስንዴ ቂጣ» አለች። ዳኛና ዳቦ የማትለይ ሴት ባል አልፈልግም ለማለት የሚበቃ አእምሮ የላትም ብለው፣ በዚያው ቀን አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ የአእምሮ ሕሙማን ማረፊያ አስጫኗት። እንዲህ ያለ ፈጣን ፍርድ በወረዳችን ታይቶ አይታወቅም።

፫. በእኛ በከምባታ አገር ያገባች ሴት የአማቷን ስም አትጠራም። ባሊሻ የምንለው ይህ ክብር የአማቷ ስም በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ያስተዋታል፤ ጣቢታም አማርኛ ስትናገር እንኳ በ«ዳ» የሚጀምር ቃል ከአፏ ካወጣች አራት ዓመት አልፏታል። ሃያ ዓመት በመካከላችን የኖሩት ክቡርነትዎ ይህን አያውቁም ብዬ አልዳፈርዎትም። ዳቦው እኮ ችሎቱ ሳይጀመር ጠረጴዛዎ ላይ ተሸፍኖ ተቀምጦ ነበር።

፬. ከሁሉ የሚበልጠው ውለታዎ ግን ወደ ማረፊያው የላኩት ትእዛዝ ነው፤ በገዛ አፏ «ዳንኩ» እስክትል ድረስ እንዳትለቀቅ ይላል። ባለፈው ወር ሄጄ አየኋት። ፀጉሯ ተላጭቷል፣ ነጠላዋ የለም። በየሳምንቱ ይጠይቋታል፤ እሷም «ተሻለኝ» ትላለች። ጸሐፊውም በትእዛዝዎ መሠረት «ተሻለኝ ብላለች፤ ዳንኩ አላለችም» ብሎ ይመዘግባል። ያቺን አንዲት ቃል ብቻ እንድትል በከምባትኛ ለመንኳት፤ እያለቀሰች አፏን በእጇ ያዘች። ለሚያሳድዳት ሰው ስም እስከ ዛሬ ክብር የምትሰጠው እሷ ብቻ ናት። አማቷም እርስዎም ይህን ክብሯን ቁልፍ አድርጋችሁ ቆለፋችሁባት፤ ይህንንም ለማንም ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ስለ ደግነትዎ ሁሉ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ እህቴ ቤቷ እስክትገባ ድረስ በጸሎቴም ሆነ በብዕሬ የማልረሳዎ፣

ጵርስቅላ ኤሊያስ

ማስታወሻ፦ ቅጂውን ለጥፌ እንደተመለስኩ የክቡርነትዎ መጥሪያ ደረሰኝ፤ ሰኞ ጠዋት እንድቀርብ ያዛል። እኔ ባል አላገባሁምና ዳኛም፣ ዳቦም፣ ዳኘም እላለሁ፤ ለእኔ ጠረጴዛው ላይ ምን ሸፍነው እንዳስቀመጡ ግን አላውቅም። የምጠየቅበት ጉዳይ በወረቀቱ ላይ አልተጻፈም። ቅያሪ ልብስ ይዤ እንድመጣ ግን ተጽፏል።