ስንቃችንን ከነቁልፉ ስለቆለፉልን

ለክቡር የረጅሙ የእግር መንገድ አስተዳደር ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለተቆለፈ ስንቅና ስለታገደ ፈቃድ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤንነት፣ ምሳዎንም በልተው በጠገቡበት ሰዓት እንዲያገኝዎ እመኛለሁ፤ ሰው ሲርበው ማንበብ ምን ያህል እንደሚያዳግተው በመሃል መጠለያው ያስለጠፉትን ማስታወቂያ ሳነብ በሚገባ ተረድቻለሁና።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ፣ እኔ ወንድም ጋሼ የምለው፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ዕድሜውን ሙሉ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ መሪውን እየጠመዘዘ ወደ መጣበት ሲመለስ የኖረ ሰው በመሆኑ፣ ጡረታ እንደወጣ አንድ መንገድ እስከ መጨረሻው ሄዶ ማየት እንደሚፈልግ ለቤተሰቡ አስታወቀ። የመረጠውም የእርስዎን መንገድ ነው፤ መጨረሻው ሐይቅ ስለሆነና እዚያ ከደረሱ በኋላ የሚዞር ነገር ስለሌለ። ወንድም ጋሼ ስኳር አለበት። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ የሚበላውን የምቆጣጠረው እኔ ስለሆንኩ ሱቄን ዘግቼ ተከተልኩት። በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ አንድ አንድ ክፍል እየሄድን ቆይተን ዘንድሮ የቀሩን ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንደኛው ሱቅም መንደርም የማይታይበት ጭው ያለ በረሃ፣ ሁለተኛው ወደ ሐይቁ የሚወርደው።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር የማቀርበው ያልተቆጠረ ነገር እንደማይስተናገድ በመስኮት ሦስት በትሕትና ስለተነገረኝ ነው።

1ኛ፦ የበረሃውን ክፍል ስንቅ ሁሉ ጀርባ ላይ ተሸክሞ መሻገር ስለማይቻል፣ ጽሕፈት ቤትዎ የተጓዦችን ስንቅ ተቀብሎ በመኪና ወደ መሃል መጠለያው አስቀድሞ ስለሚያደርስ ከልብ አመሰግናለሁ። ከአልጋ ልብስ ቁራጭ በሰፋሁት ባለአበባ ከረጢት ዘቢቡን፣ ለውዙን፣ ሩዙንና ብስኩቱን አስረክቤያለሁ። ስንቁ ከእኛ ቀድሞ ደርሷል። በዚህ ረገድ ቅንጣት ቅሬታ የለኝም።

2ኛ፦ ቀድሞ በመጠለያው ውስጥ በር የሌለው የእንጨት መደርደሪያ ነበር። ሩዝ የበዛበት ሩዝ፣ ሳሙና የበዛበት ሳሙና ትቶ ያልፋል፤ የጎደለበትም አንስቶ ይሄዳል። ይህ ልማድ ማን ለማን ምን እንደሰጠ የማይታወቅበት ዝርክርክ አሠራር መሆኑን ጽሕፈት ቤትዎ ደርሶበት፣ በምትኩ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የብረት ሣጥን ከትልቅ ጓጉንቸር ጋር ስላቆመልን ባለውለታችን ነው። በሩ ላይ ለአየር መግቢያ ተብሎ የሽቦ ወንፊት ተበጅቶለታል፤ ቀዳዳው ትንሿን ጣት ያስገባል። አየር ያለ ፊርማ መግባቱን የሚመለከተው ክፍል እስካሁን እንዳላስተዋለ እገምታለሁ።

3ኛ፦ መጠለያውን ይጠብቁ የነበሩትን አዛውንት ቁልፉን እንዲጠብቁ ወደ ዋናው ጽሕፈት ቤት ስላዛወሩልን አመሰግናለሁ። ሽማግሌው ተጓዥ በርዶት እንደሆነ እሳት ያነዱለት፣ ደክሞት እንደሆነ ስንቁን አውጥተው በእጁ ያስይዙት ነበር አሉ። አሁን ግን ቁልፉ እርስዎ ዘንድ ነው፣ ጥበቃውም ከቁልፉ ጋር ነው፤ በመጠለያው የቀረው ስንቁ ብቻ ነው።

4ኛ፦ የስልክ ባለሙያዎን ጨዋነት ሳላነሳ ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። መጠለያው ስንደርስ በሣጥኑ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ፣ ቁልፍ የሚሰጠው ባለስንቁ መታወቂያውን ይዞ በዋናው ጽሕፈት ቤት በሥራ ሰዓት በአካል ሲቀርብ ብቻ እንደሆነ፣ በዘመድም ሆነ በወኪል እንደማይስተናገድ ገለጸልን። ዋናው ጽሕፈት ቤት የተነሳንበት ከተማ ነው። ያ ማለት ስንቅ ለማግኘት በረሃውን ያለ ስንቅ ወደ ኋላ መሻገር፣ ከዚያም ስንቁን ለመብላት እንደገና መመለስ ነው። ወንድም ጋሼ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ከኪሱ የማትለየው ከረሜላ ያልታሰበ ዝናብ ድንኳን ውስጥ ባገተን ጊዜ አልቃለች። ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥቼ ደወልኩና የወንድሜ ስኳር እየወረደ መሆኑን፣ ላብ እንዳጠመቀውና ቃል እየጠፋበት መሆኑን ነገርኳት። ባለሙያዋ እጅግ ካዘነችልኝ በኋላ፣ የሣጥን ጉዳይና የጤና ጉዳይ የሚታዩት በተለያየ መስኮት ስለሆነ የትኛውን ማስቀደም እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። ሁለቱም አንድ ጉዳይ ናቸው ስላት፣ እንደዚያ ያለ መስኮት እንደሌላቸው በትሕትና አስረዳችኝ። ለትሕትናዋ እግዜር ይስጥልኝ።

5ኛ፦ ስለ ወንፊቱ። ክቡር ሆይ፣ ከጉብታው ስወርድ ወንድም ጋሼ ስሜን ረስቶት ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ሚጣ ሲለኝ የኖረ ሰው፣ ፀጉሬ ከሸበተም በኋላ ሚጣ ከማለት ያልቦዘነ ሰው፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ማን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ፈራሁ። ስንቃችን እኮ ፊት ለፊታችን ነው፤ አበባው በወንፊቱ በኩል እየታየኝ፣ በእጄ ጽፌ የሰፋሁበት ስማችን እየተነበበኝ ነው። ጣቴ ይነካዋል፣ ግን አይስበውም።

ልብስ ሰፊ የትም ብትሄድ መርፌዋ አይለያትም። የኪሮሽ መርፌዬን በቀዳዳው አሾልኬ የከረጢቱን ስፌት መተርተር ጀመርኩ። ስፌቱን ያጠበቅሁት እኔ ነኝና የት ጋ እንደሚላላ አውቃለሁ፤ ለዚያ ከረጢት የተጠቀምኩት ምርጥ ክር መሆኑን ባሰብኩ ቁጥር ግን ራሴን ረገምኩ። ስፌቱ ሲፈታ ዘቢቡን በመርፌዋ ቆልማማ ጫፍ እየወጋሁ አንድ በአንድ ሳወጣ፣ ወንድም ጋሼ ፊቱን ከወንፊቱ አስጠግቶ፣ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ያንን ግዙፍ አውቶቡስ በጠባብ ጎዳና እንደ ልቡ ይነዳ የነበረ ሰው ከብረት ሣጥን ዘቢብ ሲለቀምለት ማየት አንጀቴን በላው። ምን ያህል ጊዜ እንደቆየን አላውቅም። በመጨረሻ አኝኮ ዋጠና፣ ሚጣ፣ ለውዙንም ሞክሪው እንጂ አለኝ። ያን ጊዜ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለውዙ ግን ከነቅርፊቱ ስለነበር በቀዳዳው አላልፍ አለ።

6ኛ፦ በረሃውን ጨርሰን፣ ወንድሜን ለሐኪም ለማሳየት ከቤታችን እንደገባን የደረሰንን የእግድ ደብዳቤ በተመለከተ። ስንቅ ያለ ፊርማ በመውሰድና ጓጉንቸር በመስበር ጥፋት፣ ወንድሜና እኔ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ክፍል የመተላለፊያ ፈቃዳችን መታገዱን አንብበናል። ያለ ፊርማ መውሰዳችን እውነት ነው፤ የሚፈረምበት መዝገብ የተቀመጠው ሣጥኑ ውስጥ ነበር። ስለ ጓጉንቸሩ ግን እዚያው ደብዳቤ ላይ የላኩት ተቆጣጣሪ ተቆልፎና ጭረት ሳያገኘው እንዳገኘው መስክሯል። ተሰበረ እንዳይባል ጓጉንቸሩ ደህና ነው፣ አልተከፈተም እንዳይባል ስንቁ የለም። ጽሕፈት ቤትዎ በዚህ ነገር እንቅልፍ እንዳጣ ስለሰማሁ ከልብ አዝኛለሁ፤ ከደብዳቤዬ ግርጌ የሚያሳርፍዎ ነገር ይኖረኛል።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሐኪሙ የወንድም ጋሼን እግር በመርፌ ጫፍ እየነካ ይሰማህ እንደሆነ ሲጠይቀው፣ ብዙውን ቦታ አልሰማውም። ይህ የእግር ጉዞ ወቅት ካለፈ በኋላ ረጅም መንገድ መሄድ እንደማይችል ቁርጡን ነግሮናል። እግዱ ደግሞ የሚያበቃው ወቅቱ ካለፈ በኋላ ነው። ወንድም ጋሼ ጫማውን ቀለም ቀብቶ በር ላይ አስቀምጦታል፣ በየማለዳውም አቧራውን ያራግፍለታል። ሐይቁን ሳያይ ቢቀር ለእርስዎ አንድ ፋይል ይዘጋል፤ ለእሱ ግን ያው የለመደው ነው፤ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ዞሮ መመለስ።

ጓጉንቸርዎ የማይዝግ፣ ወንበርዎ የማይነቃነቅ፣ መስኮትዎም እንደተለመደው የሚጠብ ይሁን እያልኩ፣ በተራብን ጊዜ ስንቃችንን ከእኛው በብርቱ ስለጠበቁልን ዕድሜ ልኬን የማልረሳዎ፣

ታዛዥዎ ልብስ ሰፊዋ

ግልባጭ፦
- ስንቁን ቀድሞ ልኮ በእግሩ ለሚከተል ሁሉ
- ቁልፉን እንዲጠብቁ ለተዛወሩት አዛውንት

ማስታወሻ፦ ጽሕፈት ቤትዎ መጠባበቂያ ቁልፍ በመጠለያው እጅግ አስተማማኝ ስፍራ እንዲቀመጥ ማዘዙን ሰምቻለሁ። ሠራተኞችዎ ትእዛዙን በትክክል ፈጽመዋል፤ ከተቆለፈ የብረት ሣጥን የበለጠ አስተማማኝ ስፍራ ስላላገኙ ቁልፉን እዚያው ውስጥ ምስማር ላይ ሰቅለውታል። ያየው ዘቢቡን በልቶ ዓይኑ የተከፈተው ወንድሜ ነው። የኪሮሽ መርፌዬን ከድንኳኑ ቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ በክር አስሬ፣ ከትንሿ ጣት የማይሰፋውን ቁልፍ በወንፊቱ በኩል አወጣሁት፤ ሣጥኑን ከፍተን፣ ስንቃችንን ይዘን፣ መልሰን ቆለፍነው። ቅጂውን ቁልፍ ቀራጩ ጎረቤቴ እያወጣ ወደ በረሃው ለሚያቀና ተጓዥ ሁሉ እያደለ ነው። ዋናው ግን የመንግሥት ንብረት ስለሆነ በሱቄ መሳቢያ በክብር ተቀምጧል፤ መታወቂያዎን ይዘው በሥራ ሰዓት በአካል ሲቀርቡ እንዲወስዱት ዝግጁ ነኝ። በዘመድም ሆነ በወኪል አላስተናግድም። የወንድሜን ፈቃድ ይዘው ከመጡ ግን ወረፋ አይጠብቁም።